ያረጀ ጠመንጃ ምን ይጎርሳል?

ሞርሳው አጠገብ የቆመው የነሐስ ቀለህ የተሠራው ለአደን ነው። ብራዚል ውስጥ የሚመረት 24 ጌጅ የሚባል ቀለህ ነው፤ ከሥሩ እስከ አፉ ወጥ ቱቦ፣ አንገትም ትከሻም የሌለው። ጠረጴዛው ላይ የተጋደመው ደግሞ ማርቲኒ ሄንሪ ጠመንጃ ነው። የሰደፉ እንጨት በእጅ ወዝ ጠቁሯል፤ ብረቱ ላይ የተመታው የእንግሊዝ ዘውድ ምልክት በመወልወል ብዛት ሊጠፋ ምንም አልቀረው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ መጋዘኖች ወጥተው ለአሜሪካ ሰብሳቢዎች ከተሸጡት አሮጌ መሣሪያዎች አንዱ ነው። የመጣው ግን ባዶውን ነው፤ አንድም ጥይት አብሮት አልመጣም።

ቦታው ቨርጂኒያ ነው፤ የአንድ ጡረታ የወጡ የቶርኖ ባለሙያ ጋራዥ። ሙያውን የተማሩት አዲስ አበባ ነው። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለጠየቁኝ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

«ጋሼ፣ የዚህ ጥይት ገበያ ላይ አይገኝም እንዴ?»

«ተፈልጎ አይጠፋም፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። ቢገኝስ? ይህ ጠመንጃ በስንት ሰው እጅ እንዳለፈ ማን ያውቃል? ለእሱ ልክ የሚሆነውን እኔው ብሠራለት ይሻላል።»

የሚሠሩት ሥራ ከአንድ ካሊበር ወደ ሌላ ካሊበር ቀለህ መለወጥ ነው። ለአንዱ ጠመንጃ የተሠራ ነሐስ እየጠበበ፣ እየተቆረጠና እየተሞረደ የሌላው ጉርሻ ይሆናል። ዓለም ላይ የቀሩ እጅግ ብዙ አሮጌ ጠመንጃዎች ዛሬም የሚተኮሱት በዚህ ጥበብ ነው። እኔን ወደዚህ ጋራዥ ያመጣኝ ግን ከጥበቡ በስተጀርባ ያለው ታሪክ ነው። የጠመንጃ ታሪካችንን ስንጽፍ ጠመንጃ እንቆጥራለን፦ ይህን ያህል ሺህ ተገዛ፣ ይህን ያህል ሺህ ተማረከ። ጠመንጃን ከዱላ የሚለየው ግን ቀለሁ ነው። እሱን ከቆጠራው ስናስቀር የታሪኩ እኩሌታ ያመልጠናል።

ጋሼ ቀለሁን እስከ ወገቡ ውኃ በያዘ የብረት ትሪ ውስጥ አቆሙት። የጋራዡን መብራት ቀነሱ፤ ብርሃን ከበዛ የብረቱን ቀለም ለመለየት ያስቸግራል። ከዚያ የጋዙን ነበልባል ወደ ቀለሁ አፍ አስጠግተው ዙሪያውን ያሞቁት ጀመር። ነሐሱ መጀመሪያ ሰማያዊ ጥላ አጠላበት። ጥቂት ቆይቶ ጠርዙ ላይ እንደ ቅዠት የምትታይ ደብዛዛ ቅላት ብቅ ስትል ጋሼ በሽቦ ገፋ አድርገው ውኃው ውስጥ ጣሉት። ጭስ አለ፤ ቀዘቀዘ። ይህን ሥራ ማለስለስ ይሉታል።

ውኃው የተቀመጠው ለማቀዝቀዣ ብቻ አይደለም። የቀለሁ አፍና ኋላ ትከሻ የሚሆነው ክፍል መለስለስ አለበት፤ ሥሩ ግን በፍጹም መለስለስ የለበትም። ጠመንጃው ሲተኮስ ግፊቱን ተሸክሞ የሚይዘው ሥሩ ነው። ሥሩ የለሰለሰ ቀለህ በተኳሹ ፊት ሊፈነዳ ይችላል። ግማሽ አካሉ ውኃ ውስጥ እስከቆመ ድረስ ግን የሥሩ ሙቀት ከውኃ መፍያ አያልፍም። ከዚህ የቀለለ መጠበቂያ አላየሁም።

ቀጥሎ ቀለሁን ከበግ ሱፍ የሚወጣ ቅባት ቀቡትና ከእጅ ፕሬሱ ሥር አስገቡት። ዳይ የሚባለው ቅርጽ ማውጫ ብረት ከላይ ይወርድበታል። የሚፈለገው ሰፊውን አፍ 11.4 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ አረር ወደሚይዝ አንገት ማጥበብ ነው። ይህ በአንድ ጊዜ አይሆንም። በመጀመሪያው ዳይ ትንሽ፣ በሁለተኛው ሌላ ትንሽ፣ በመጨረሻው ልኩ ይመጣል። በመካከል ነሐሱ እንደገና ይለሰልሳል። ከተሰለፉት ቀለሆች አንዱ ሁለተኛው ዳይ ላይ ትከሻው ሰርጎድ አለ። ጋሼ አወጡት፤ በጣታቸው ዳሰስ አድርገው ወደ ቁርጥራጭ ጣሳው ወረወሩት። ቅባቱ በዝቶበት ነበር። በዳዩና በነሐሱ መካከል የታሰረ ቅባት መሄጃ ሲያጣ ነሐሱን ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

ከዚያ ትርፉ ርዝመት በቶርኖ ተቆረጠ፤ የአፉ ጠርዝ ከውስጥም ከውጭም ተሞረደ፤ ካሊብሮ ወጣና ተለካ። በመጨረሻ ማርቲኒው አፉን ከፍቶ ቀለሁን ጎረሰ። ሰደፉ ሥር ያለችው ማንሻ ስትዘጋ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ጋሼ በረጅሙ ተነፈሱ። «ገባለት» አሉ።

ሁሉም ከሌላው የተወለደ ነው

ጋሼ የሚሠሩት ሥራ ድሮ ያልነበረ ዘመናዊ ብልሃት አይደለም። የማርቲኒ ሄንሪ ጥይት ራሱ የተወለደው እንዲሁ ነው። ስሙ 577/450 ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የስናድር ጠመንጃ ቀለህ ነው፤ ሁለተኛው ያ ቀለህ ጠብቦ የያዘው አዲስ አረር ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1871 ማርቲኒውን ሲቀበሉ በእጃቸው የነበረውን ሰፊውን የስናድር ቀለህ አንገት አወጡለት። የ24 ጌጅ የአደን ቀለህ ለዚህ ሥራ የሚመረጠውም ስፋቱ ከስናድሩ ቁጥር ጋር በጣም ስለሚቀራረብ ነው።

ያ የስናድር ቀለህ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ስናድር ትልቅ ውጊያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው በኢትዮጵያ ምድር ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሥር እሮጌ ላይ የጄኔራል ናፒየር ሠራዊት በአፄ ቴዎድሮስ ጦር ላይ የተኮሰው በእሱ ነበር። የቴዎድሮስ ሰዎች ባሩድና አረር በአፈሙዝ እየጠቀጠቁ ሲያጎርሱ፣ እንግሊዞቹ ባሩዱ፣ አረሩና እሳት ጫሪ ቆቡ በአንድ ላይ የታሸጉበትን ጥይት ከኋላ ያጎርሱ ነበር። የዚያን ቀን ልዩነቱን ያመጣው የጠመንጃው ብረት ብቻ አይደለም፤ የጥይቱ ሽፋን ነው።

የመጀመሪያዎቹ የስናድርና የማርቲኒ ቀለሆች ስስ የነሐስ ቅጠል ተጠቅልሎ የተሠሩ ነበሩ። ማርቲኒ ጠመንጃ ሲግልና አቧራ ሲገባው እነዚህ ቀለሆች ይጣበቁ፣ ሲወጡም ይቀደዱ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1884 እና በ1885 በሱዳን ዘመቻ እንግሊዞች በዚህ ብዙ ተማረሩ። ከዚያ በኋላ ነው ከአንድ ድፍን ነሐስ ተጎትቶ የወጣ፣ ስፌት የሌለው ቀለህ ቦታውን የያዘው።

በቀለህ ለውጥ ታሪክ ትልቁን ውሳኔ ያሳለፉት ግን ፈረንሳዮች ናቸው። ፖል ቪዬይ የተባለው ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1884 ጭስ አልባ ባሩድ ሠራ። አዲሱ ባሩድ ከጥቁሩ ባሩድ ሦስት እጥፍ ያህል ጉልበት ነበረው፤ ስለዚህ ትንሽና ፈጣን አረር ማስወንጨፍ ተቻለ። እ.ኤ.አ. በጥር 1886 የጦር ሚኒስትር የሆኑት ጄኔራል ቡላንዤ ጎረቤት ጀርመን ሳይቀድማቸው አዲስ ጠመንጃ በአስቸኳይ እንዲሠራ አዘዙ። ጊዜ አልነበረም። አዲስ ቀለህ ከመንደፍ ይልቅ በፋብሪካዎቹ በሚሊዮን ይመረት የነበረውን የግራ ጠመንጃ ቀለህ ወስደው አንገቱን ከ11 ወደ 8 ሚሊሜትር አጠበቡት። የግራው ቀለህ 59 ሚሊሜትር ይረዝም ነበር፤ አዲሱ 50 ገደማ ሆነ። በዚያው ዓመት ስም የወጣለት የሌቤል ጠመንጃ የዓለምን እግረኛ ጦር ትጥቅ ለወጠ።

ጥድፊያው ግን ዋጋ አስከፈለ። ከአሮጌው ቀለህ የተወረሰው ወፍራም ሥርና ሁለት ጊዜ እየተሾጠጠ የሚሄደው ገላ፣ ጥይቶቹ ተደርድረው ቀጥ ባለ የመሣሪያ ጥይት መያዣ (መጋዘን) ውስጥ እንዳይቆሙ አደረገ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የፈረንሳዩ ሾሻ መትረየስ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ መጋዘን የተገጠመለት በዚሁ ምክንያት ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት በጥድፊያ የጠበበ ቀለህ የመትረየስን ቅርጽ ወሰነ። ፈረንሳይ ከዚህ ውርስ የተላቀቀችው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ 7.5 ሚሊሜትር የሆነውን አዲስ ጥይት ስትቀበል ነው። በእጅ ያለን ነገር ለውጦ መጠቀም ጥበብ ነው፤ ከአሮጌው ጋር የሚመጣውን ጠባይ አለማየት ግን ለልጅ ልጅ ዕዳ ያተርፋል።

ነሐስ የተደረገበትን አይረሳም

የጥይት ነሐስ ከመቶ ሰባው እጅ መዳብ፣ ሠላሳው እጅ ዚንክ ነው። ይህ ውህድ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ሲጎተት ሳይቀደድ ይለጠጣል፤ ሲተኮስ ተነፍቶ ጠመንጃው የሚጎርስበትን ክፍል ግድግዳ ይሞላና ጋዝ ወደ ኋላ እንዳያመልጥ ይዘጋል፤ ግፊቱ ሲያልፍ መለስ ብሎ ይሰበሰብና ተስፈንጥሮ ይወጣል። ብረት ይህን ያህል እሺ ባይ አይደለም፤ ንጹሕ መዳብ ደግሞ ከመጠን በላይ ልፍስፍስ ነው።

ፋብሪካ ውስጥ ቀለህ የሚጀምረው ከጠፍጣፋ ክብ ቁራጭ ነው። ቁራጩ በመርገጫ ተመትቶ ጎድጓዳ ይሆናል፤ ጎድጓዳው በተከታታይ ዳይ ውስጥ እየተገፋ ይረዝማል፣ ግድግዳው ይሳሳል። በእያንዳንዱ ጉተታ ነሐሱ ይጠነክራል። ሽቦን አንድ ቦታ ላይ ደጋግመው ሲያጥፉት መጀመሪያ ደርቆ እምቢ እንደሚል፣ በመጨረሻም ቀጭ ብሎ እንደሚሰበር ሁሉ ነሐስም ካልተዘየደለት ይሰነጠቃል። መላው እሳት ነው። በሙቀት ውስጡ ያለው የብረት ፍሬ እንደገና ይደራጃል፤ የተጠራቀመው ውጥረት ይረግባል፤ ነሐሱም ለሌላ ጉተታ ዝግጁ ይሆናል። ጋሼ በትሪና በውኃ የሚሠሩት ይህንኑ የፋብሪካ ሥራ ነው።

ያልረገበ ውጥረት ምን እንደሚያደርግ እንግሊዞች ሕንድ ውስጥ በከባዱ ተምረውታል። በዝናብ ወራት የፈረስ ጋጥ አጠገብ የተቀመጡ ጥይቶች ማንም ሳይነካቸው ቀለሆቻቸው ይሰነጠቁ ነበር። ምክንያቱ ለረጅም ጊዜ አልታወቀም። እ.ኤ.አ. በ1921 ሙር፣ ቤኪንሴልና ማሊንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ምሥጢሩን ገለጡት። ከፈረስ ሽንት የሚነሳው አሞኒያ እርጥበት ሲያገኝ ነሐሱን ያጠቃል፤ የሚሰነጠቀው ግን በሚመረትበት ጊዜ ውጥረት የቀረበት ቀለህ ነው። አሞኒያና ውጥረት ሲገናኙ ነሐሱ በገዛ ጉልበቱ ይከፈታል። መፍትሔው ቀለሁን በመጠኑ አሙቆ ውጥረቱን ማርገብ ሆነ። ቀለህ የሚለውጡ ሰዎች ዛሬም አሞኒያ ያለበትን መወልወያ ከጋራዣቸው የማያስገቡት በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም ጠላት አለ። ለብዙ ዓመታት የጥይት እሳት ጫሪ ቆብ የሚሠራው ከሜርኩሪ ውህድ ነበር። ሲተኮስ የሚወጣው ሜርኩሪ ነሐሱ ውስጥ ሰርጎ ተሰባሪ ያደርገዋል። ጥቁር ባሩድ ብዙ ጥቀርሻ ስለሚተው ሜርኩሪውን ከነሐሱ ይጋርደዋል፤ ጭስ አልባው ባሩድ ግን ያን መጋረጃ አነሳው። ስለዚህ በዕድሜ የገፋ ቀለህ ውጪው ቢያብረቀርቅም ውስጡ የተበላ ሊሆን ይችላል። ጋሼ ከሌላ ሰው እጅ የመጣ አሮጌ ቀለህ ቢሰጣቸው ለመደርደሪያ እንጂ ለጠመንጃ አያውሉትም።

አሥራ አንድ ሚሊሜትር፣ አራት ዓይነት

በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኢትዮጵያ የገቡትን ጠመንጃዎች በአፈሙዛቸው ስፋት ብንደረድራቸው ተመሳሳይ ይመስላሉ። አፄ ዮሐንስ ጉንደትና ጉራዕ ላይ ከግብፅ ጦር የማረኩት ረሚንግተን 11.43 ሚሊሜትር ነው። ማርቲኒውም ከዚያው አካባቢ ነው። ውጅግራ ተብሎ የታወቀው የፈረንሳዩ ግራ 11 ሚሊሜትር ነው። የኢጣሊያው ቬተርሊ 10.35 ነው። በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ተግባር ላይ ሲውሉ ግን አንዱ የሌላውን ጥይት አይጎርስም። የግብፁ ረሚንግተን ቀለህ 50 ሚሊሜትር ሲሆን የግራው 59 ነው፤ የሥራቸው ክንፍ፣ የትከሻቸው ቁልቁለት፣ የገላቸው ውፍረት ሁሉ ይለያያል። አራት ጎረቤታሞች አራት ዓይነት ጠመንጃ ይዘው ቢዘምቱ፣ ከመካከላቸው የአንዱ ዝናር ሲራቆት ሌሎቹ ሊያበድሩት አይችሉም ማለት ነው።

ነጋዴዎቹም መሪዎቹም ይህን ያውቁ ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1887 ለንጉሥ ምኒልክ ይዞት የመጣው የሲራራ ጭነት 2,040 ጠመንጃና 60,000 የረሚንግተን ጥይት ነበር። ጥይቱ ለብቻው የተቆጠረ ሸቀጥ እንደነበር ልብ ይሏል። ፈረንሳይ ጦሯን ሌቤል ስታስታጥቅ የተረፋት የግራ ጠመንጃ በነጋዴዎች በኩል ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ጎረፈ፤ ውጅግራ በአገራችን እንዲህ የበዛው በዚህ ምክንያት ነው። የሌቤል ቀለህ ከግራ ቀለህ ተወለደ፤ ልጁ ፓሪስ ቀረ፣ አባትየው ወደ ሸዋ መጣ።

ጥይት የዲፕሎማሲ መሣሪያም ነበር። ኢጣሊያ የውጫሌን ውል ለማስጠበቅ አፄ ምኒልክን ልታባብል በላከችው ስጦታ ውስጥ 2 ሚሊዮን ጥይት ነበረበት። ንጉሠ ነገሥቱ ጥይቱን ተረከቡ፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1893 ውሉን እንደማይቀበሉ አስታወቁ። ሮም ከጠመንጃ አልፋ ጥይትን መደለያ ማድረጓ፣ ምኒልክም ያን ያህል ጥይት እስኪገባ መታገሣቸው፣ ሁለቱም ወገኖች የነገሩ ቁልፍ የት እንዳለ ጠንቅቀው ማወቃቸውን ያሳያል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የተሰለፈው ጦር ለአንድ ቀን ሙሉ የሚበቃ ጥይት ይዞ ነው የዋለው። ያ እንዲሁ የመጣ ሳይሆን የብዙ ዓመት ማጠራቀም ውጤት ነበር።

ይህ ሁሉ ጥይት ወደ ሕዝቡ ሲደርስ ምን እንደሆነ የገበያው ታሪክ ይነግረናል። የውጅግራ ጥይት በብዙ የአገራችን ገበያዎች ከማርያ ቴሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይሠራ ነበር። አሞሌ በዝናብ ይሟሟል፤ ብር ለትንሽ ግዢ ይበዛል። ጥይት ግን አይበሰብስም፣ በእጅ ይቆጠራል፣ ማንም እምቢ አይለውም። ገበሬው እህል ሸጦ ጥይት ይቀበላል፤ በዚያው ጥይት ጨርቅ ይገዛበታል ወይም ለክፉ ቀን ያስቀምጠዋል።

የተተኮሰ ቀለህም አይጣልም ነበር። ጥቁር ባሩድ በአገር ውስጥ ይዘጋጅ ነበር፤ እርሳስ ቀልጦ በቅርጽ ይፈሳል፤ የተሰበሰበው ቀለህም በእነዚህ ዳግመኛ ይሞላል። በዚህ ሥራ ከባዱ ከቀለሁ ሥር መሐል ላይ ያለችውን እሳት ጫሪ ቆብ መተካት ነው። እሷ ካልፈነዳች ባሩዱም እርሳሱም ዋጋ የለውም፤ እሷን መሥራት ደግሞ ከእርሳስ ማቅለጥ ጋር የሚወዳደር ሙያ አይደለም። ዳግመኛ የተሞላው ጥይት ከፋብሪካው ያነሰ ጉልበት ይኖረዋል፤ አንዳንዱም ይከሽፋል። ያም ሆኖ የውጪ ንግድ በሩ ሲዘጋበት እጁን አጣጥፎ ያልተቀመጠ ሕዝብ ጥረት ነው፤ በታሪክ መጻሕፍታችንም ከአንድ አንቀጽ የበለጠ ቦታ ይገባዋል።

የበሩ መዘጋት በተግባር ምን እንደሆነ በ1928 ዓ.ም. ታየ። ፋሽስት ኢጣሊያ ከመውረሯ በፊት መንግሥታት የጣሉት የመሣሪያ ማዕቀብ መሣሪያ በገዛ አገሩ ለሚያመርተው ወራሪ ምንም አልነበረም፤ ለኢትዮጵያ ግን ማነቆ ሆነ። ሠራዊቱ በእጁ የነበሩት ጠመንጃዎች የብዙ አገርና የብዙ ዘመን ነበሩ፤ ለእያንዳንዱ ተስማሚ ጥይት ማቅረብ የማይቻል ነገር ሆነ። ጀግና ተኳሽ ጠመንጃውን እንደያዘ በጥይት እጦት የቆመበት ጦር ሜዳ ጥቂት አይደለም። ስለ ማይጨው ስንጽፍ አውሮፕላኑንና የመርዝ ጋዙን እናነሳለን፤ ትክክል ነው። የካሊበሩ ብዛትም ከዚያው ተርታ መግባት አለበት።

አሥራ ሁለት ሚሊሜትር ሥር ያለው ቤተሰብ

በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1888 የነደፉት፣ ኋላ በማውዘር ስም የታወቀው ባለ 57 ሚሊሜትር ቀለህ ሥሩ 12 ሚሊሜትር ያህል ነበር። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1906 ለጦራቸው የመረጡት 30-06 የሚባለው ጥይት 63 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ የሥሩ ስፋት ግን ያው ነው። ከ30-06 አንገቱ ጠብቦ እ.ኤ.አ. በ1925 የ270 ዊንቸስተር የአደን ጥይት ወጣ። አጥሮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1952 የ308 ዊንቸስተር ተወለደ፤ የእሱ አንገት ጠብቦ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1955 የ243 ዊንቸስተር መጣ። አንድ ሥር፣ ብዙ ልጆች። ሥሩ አንድ ስለሆነ አንድ የ30-06 ቀለህ ያለው ሰው ስድስት ሚሊሜትር ያህል ቆርጦ፣ ትከሻውን ወደ ታች ገፍቶ የማውዘር ቀለህ ሊያደርገው ይችላል።

ሁለቱ ወንድማማቾች ኢትዮጵያ ውስጥ ተገናኝተዋል። የንጉሠ ነገሥቱ ክብር ዘበኛ ከኢጣሊያ ወረራ በፊት የታጠቀው የቤልጅግ ማውዘር 7.92 ሚሊሜትር፣ ማለትም ባለ 57ቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ደግሞ የአሜሪካውን ኤም ዋን ጋራንድ ይዞ ተዋጋ፤ እሱም ባለ 30-06 ነው። ከዚያ በኋላም የአሜሪካ እርዳታ ሲመጣ ሁለቱ ጥይቶች በአንድ አገር ተቀመጡ።

እዚህ ላይ ጋሼ ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ። የሥሩ መመሳሰል ለሠሪ ምቾት የሆነውን ያህል ለዝንጉ ሰው ወጥመድ ነው። አጭሩ የማውዘር ጥይት በረጅሙ የ30-06 ማጉረሻ ውስጥ ሊገባ ይችላል። የማውዘሩ አረር 8.2 ሚሊሜትር ይወፍራል፤ የ30-06 አፈሙዝ የተሠራው 7.8 ለሚሆን አረር ነው። ያ አረር በዚያ አፈሙዝ እንዲያልፍ ሲገደድ የሚነሳው ግፊት ጠመንጃውን ሊበትነው፣ ተኳሹንም ይዞ ሊሄድ ይችላል።

«ለዚህ ነው ሥሩ ላይ የተጻፈውን ማመን የማይቻለው» አሉኝ። «ቀለህ ስትለውጥ ቅርጹ ይለወጣል እንጂ ጽሑፉ አይለወጥም። 30-06 የሚል ቀለህ ውስጡ የማውዘር ጥይት ሊሆን ይችላል። እኔ ስሞት እነዚህን ሳጥኖች የሚከፍት ልጅ ይህን ካላወቀ ገዳዩ እኔ ነኝ ማለት ነው።»

መደርደሪያቸው ላይ ያለው እያንዳንዱ ሳጥን ከምን እንደተሠራ፣ ለየትኛው ጠመንጃ እንደሆነ በትልልቅ ፊደል ተጽፎበታል፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም።

ሌሎቹም ሕጎች ከዚህ አይቀሉም። የሥሩ ስፋት ከጠመንጃው ማጉረሻ ጋር የማይስማማ ቀለህ አይለወጥም፤ የጠበበው ሥር ሲተኮስ ያብጣል፣ ይከፈታል። አንገት ሲጠብ ነሐሱ ስለሚወፍር የግድግዳው ውፍረት ይለካል፤ ከወፈረ ይላጋል፣ ካልተላገ አረሩን አንቆ ይይዝና ግፊቱን ከልክ በላይ ያንረዋል። ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ጠመንጃ ጭስ አልባ ባሩድ አይጎርስም፤ ማርቲኒና ውጅግራ ለዚያ ግፊት አልተሠሩም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የመጀመሪያውን ጥይት የሚተኩስ ሰው ከጠመንጃው ርቆ፣ ገመድ አስሮ ነው ቃታውን የሚስበው። ቀለሁ የጠመንጃውን ትክክለኛ ልክ የሚይዘው በዚያ በመጀመሪያው ተኩስ ነው፤ ስህተትም ካለ የሚገለጠው ያኔ ነው።

ሕጉም እንደ አገሩ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ጠመንጃ ጥንታዊ ተብሎ ይለያል፤ ግለሰብም ለራሱ መተኮሻ ጥይት መሙላት ይችላል። በአገራችን የጦር መሣሪያ ጉዳይ የሚገዛው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ ያለ ፈቃድ መሣሪያም ጥይትም መሥራት ቦታ የለውም። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ማንም በጓዳው ጥይት እንዲሠራ አይደለም። የጻፍኩት ቤታችን ውስጥ ያለውን ነገር እንድናውቀው ነው።

ከቆጠራው የቀረው

ከኢትዮጵያ የወጡት አሮጌ ጠመንጃዎች ዛሬ በባሕር ማዶ ሰብሳቢዎች እጅ ናቸው። የተሸጡት አሮጌ ብረት ሆነው ነው፤ በአንዳንዶቹ ላይ ግን የሞዓ አንበሳ ምልክት አለ። ከየትኛው ጦር ግምጃ ቤት ወጡ? ማን ተሸከማቸው? የትኛው ጥይት ከየትኛው ጠመንጃ ጋር ተመደበ? ይህን የሚነግር መዝገብ አብሯቸው አልተጓዘም። በጋሼ ጋራዥ ውስጥ ያለው ማርቲኒ ከአድዋ ይሁን ከሌላ ቦታ የሚያውቅ ሰው የለም። የእሳቸው ነሐስ ጠመንጃውን እንደገና ሊያናግረው ይችላል፤ የኖረበትን ዘመን ግን ሊነግረን አይችልም።

ያ ሥራ የእኛ ነው። አገር ቤት በየቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት፣ በየአያቱ ሳጥን፣ በየሙዚየሙ መስኮት ውስጥ አሁንም የውጅግራ፣ የማርቲኒ፣ የቬተርሊ ቀለሆች አሉ። ብዙዎቹ ከጠመንጃው ተነጥለው፣ ስም ሳይለጠፍባቸው የተቀመጡ ናቸው። አንድ ቀለህ ግን በትክክል ለሚያየው ብዙ ይናገራል። ሥሩ ላይ ያለው ምልክት የፋብሪካውን አገርና ብዙ ጊዜም ዓመቱን ይሰጣል። የአንገቱ ጭረት በየትኛው ጠመንጃ ውስጥ እንደገባ ይጠቁማል። ሁለት ጊዜ የተመታ ቆብ ወይም በእጅ የተስተካከለ አፍ ካለው፣ ዳግመኛ የተሞላ ቀለህ ሊሆን ይችላል፤ ያ ከሆነ ደግሞ በአገራችን የእጅ ሙያ ታሪክ ውስጥ ስሙ ያልተጻፈ አንድ ሰው ሥራ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ሙዚየሞቻችን ጠመንጃ ሲመዘግቡ ቀለሁንም ይመዝግቡ፤ ርዝመቱን፣ የሥሩን ስፋት፣ የተመታበትን ጽሑፍ ይጻፉ። የታሪክ ተመራማሪዎቻችን ስለ ጦር ሜዳ ሲጽፉ ስንት ጠመንጃ ብቻ ሳይሆን ምን ዓይነት ጥይት፣ ከየት፣ በማን ተሞልቶ ብለው ይጠይቁ። በባሕር ማዶ ያለው ወገናችንም እነዚህ ጠመንጃዎች እጁ ሲገቡ ምልክታቸውን ፎቶ አንስቶ፣ ታሪካቸውን ጽፎ ያስቀምጥ። የአንድን ሕዝብ ነፃነት ያስጠበቀው ብረት ብቻ አይደለም፤ ነሐሱን ያጠራቀመው ንጉሥ፣ ቆጥሮ የያዘው ገበሬና መልሶ የሞላው ባለሙያ ጭምር ነው። እነሱን በስማቸው የምንጠራበት ዕድል ያለን መረጃው በእጅ እያለ ብቻ ነው።